አድማ ዳነ ወይ?

«አንተ ግባ። እኔ አላየሁህም።»

«ሌላ ሰው ቢያየኝስ?»

«እኔ ሳላይህ ማን ያይሃል?»

በመሃል የጠፋኝ ነገር አለ። ውኃ እየወረደ ነበር፤ አባቴ ጓሮ ካለው ቧንቧ ሥር አጎንብሶ አንገቱን ይታጠባል፣ አጎቴ ፎጣ ይዞለት ቆሟል። እኔ በተሰጣው አንሶላና በግድግዳው መካከል ተቀምጫለሁ። እርጥቡ አንሶላ ጉንጬ ላይ ሲለጠፍ ደስ ይለኝ ነበር። ከውኃው ድምፅ በኋላ የአጎቴ ሳቅ ይመጣል፤ ከሳቁ በኋላ አባቴ «እሳቱ ከሞተ እኮ ሁላችንም ሞትን» ይላል፤ ከዚያ አጎቴ «እሺ ጋሼ» ይላል። ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን አይሁን እርግጠኛ አይደለሁም። መሐላ አልወድም እንጂ «አላየሁህም» ለምትለው የአባቴ ቃል ግን እምልላት ነበር።

ድብብቆሽ ሊጫወቱ መስሎኝ ነበር። ሌላ ምን ሊመስለኝ ይችላል? አንዱ ይገባል፣ ሌላው ዐይኑን ይጨፍናል። የሚገባበት ቦታ ፋብሪካው መሆኑን ከወሬያቸው ስለያዝኩ ቀናሁባቸው። እኛ ልጆቹ ያለን አንድ ጠባብ ጓሮና አንድ በርሜል ነው። እንዲያ ባለ ሰፊ ግቢ የተደበቀን ሰው ማን ያገኘዋል?

ወደ ጓሮው የሚያወጣው የአያቴ ክፍል በር ያን ዕለት ክፍት ነበር። ይህን ያኔ ልብ አላልኩትም።

አባቴ የመስታወት ፋብሪካው ሠራተኞች ማኅበር ሊቀመንበር ነበር። ታናሽ ወንድሙ፣ አጎቴ፣ እዚያው ፋብሪካ ምድጃ ላይ ይሠራል። ሁለቱን ብቻዋን ያሳደገቻቸው አያቴ የምትኖረው ከእኛ ጋር ነው፤ ወድቃ ዳሌዋ ከተሰበረ ወዲህ ከአልጋዋ የምትነሣው በሰው ክንድ ነበር። አጎቴ ከሚስቱ ጋር እኛው ሰፈር ቢኖርም ከሥራ ሲወጣ መጀመሪያ የሚገባው እናቱ ዘንድ ነው። ጫማውን በር ላይ ያወልቅና አልጋዋ ጫፍ ተቀምጦ እጇን ይይዛል። ብዙ አያወሩም።

«ዛሬም እሳት እሳት ትሸታለህ» ትለዋለች።

«ሽቶዬ ነው፣ እማዬ።»

ሁልጊዜ ይኸው ነው የሚባባሉት። ሁልጊዜም ይሥቃሉ።

ከጓሮው ወሬ ጥቂት ቀን ቆይቶ ቤታችን በሰው ተሞላ። ቱታ የለበሱ ሰዎች ሶፋው አልበቃቸው ብሎ ወለሉ ላይ ተቀመጡ፤ ክፍሉ ላብና ሲጋራ ሸተተ። አንዱ የሥራ አስኪያጁን አካሄድ እያሳየ ያሥቃል፣ ሌላው ይቆጣል፣ አባቴ እጁን አንሥቶ ዝም ያሰኛቸዋል። ከሁሉም አፍ ደጋግሞ የሚወጣው አንድ ስም ነበር። ነገ አድማ እንመታለን፤ አድማ ካልመታን አይሰሙንም፤ ሁላችንም መምታት አለብን፣ ግማሹ መትቶ ግማሹ ቆሞ ቢያይ ዋጋ የለውም።

አድማ ሰው መሰለኝ።

ቀጭን፣ አንገቱ የሰለለ፣ ወንድም የሌለው ሰው አድርጌ ሣልኩት። ወንድም ቢኖረው ኖሮ ይህን ያህል ሰው በአንድ ጊዜ ሊመታው አይነሣም ነበር ብዬ። ምን አድርጎ እንደሆነ እናቴን ጠየቅኳት፤ እሷ ብርጭቆ እያጠበች የትልቅ ሰው ወሬ አትስሚ አለችኝ። በማግስቱ አባቴ ፊቱ በርቶ ገባ። መታን አለ፤ አንድም የቀረ ሰው የለም፣ ጽዳቶቹ ሳይቀሩ መቱ። እናቴ አቀፈችው። እኔን በኩርኩም እንኳ ነክቶኝ በማያውቀው አባቴ እጆች ላይ የደም ምልክት ፈለግሁ። ንጹሕ ነበሩ። ከመኝታዬ በፊት ስጸልይ ከቤተሰቡ ስም መጨረሻ ላይ አድማን ጨመርኩበት። ፈጣሪ እንዲያድነው።

እናቴ በየቀኑ ምሳ ይዛ ወደ ፋብሪካው በር ትሄድ ነበር፤ ቀሚሷን ይዤ እከተላታለሁ። ሠራተኞቹ የተዘጋው የብረት በር ፊት ካርቶን አንጥፈው ይውላሉ። ከመካከላቸው «ሜትሮ» የሚሉት ነበር፤ የመቁረጫ ክፍል ሠራተኛ፣ የማኅበሩ ኮሚቴ አባል። ስሙን ያገኘው ከቀበቶው ላይ ከማይለየው መለኪያ ነው። አፉ መስታወት ከሚቆርጥበት አልማዝ ይበልጥ ይቆርጣል ይሉታል። እናቴ ስትደርስ «የሊቀመንበሩ ባንክ መጣ» እያለ ሳህኑን ይቀበላታል።

አንድ ቀን ሜትሮ በጀርባው ተጋድሞ ሰማዩን ያይ ነበር። ድንገት ዝም አለ። ሜትሮ ዝም ማለት ስለማያውቅ ሰው ሁሉ ወደ እሱ ዞረ።

«ይኼ ጭስ ማውጫ ሲጋራ ጀመረ እንዴ?» አለ።

ሁሉም ቀና አለ። ከረጅሙ ጭስ ማውጫ አፍ ቀጭን ክር የምታህል ጭስ ትወጣለች። መጀመሪያ አንድ ሰው ሣቀ። ከዚያ የሚሮጥ እግር ብቻ ሆነ። በኋላ በኩል ባለው ግንብ ዞሩ፤ ጩኸት ሰማን፤ አጎቴን በሁለት ብብቱ ይዘው አመጡት። ቅንድቡ ተለብልቧል፤ ቱታው ጉልበቱ ላይ ተቀዷል። እኔ በደስታ ዘለልኩ። ተገኘ! ጨዋታው አለቀ ማለት ነው፤ አሁን አባቴ ይሥቃል፣ አሁን እሱ ይገባል፣ አጎቴ ይፈልጋል።

ማንም አልሣቀም። አንዱ ለሻይ ከሚያነዱት እሳት አመዱን በባልዲ አፍሶ አመጣና ራሱ ላይ ደፋበት። ሜትሮ ወደ አባቴ እያየ «እሳት አመድ ይወልዳል ሲሉ ልጅ መስሎኝ፣ ለካ ወንድምም ይወልዳል» አለ። ያን ጊዜ ሣቁ። አንድ ሽማግሌ የማሽን ሠራተኛ ቀርቦ ምራቁን ጫማው ላይ ተፋና አፉን በእጁ ጀርባ ጠርጎ ወደ ቦታው ተመለሰ። አጎቴ ግን ከአባቴ ሌላ ሰው አያይም። ጨዋታ ላይ እንደሚደረገው፣ አሁን በቃ፣ ንገራቸው የሚል አስተያየት።

አባቴ ከተገለበጠ በርሜል ላይ ወጣ።

«አይቻለሁ» አለ። «በዐይኔ አይቻለሁ። እናንተም አይታችኋል። ከዛሬ ጀምሮ ወንድም የለኝም። እናቴ አድማ ሰባሪ አልወለደችልኝም።»

ጭብጨባው ጆሮዬን አደነቆረው። እኔ የገረመኝ ሌላ ነው፤ አላየሁህም ብሎት አልነበረም እንዴ? አጎቴ ሊናገር አፉን ከፈተ። ከከንፈሩ አመድ ረገፈ። ወደ እናቴና ወደ እኔ ዞር ብሎ አየንና መልሶ ዘጋው።

«ሆድ ይፍጀው» አለ፣ ለራሱ ያህል።

ሆዱን ያመመው መሰለኝ። ለእሱም ምሳ ስጪው፣ ሆዱን አቃጥሎታል አልኳት ለእናቴ። አፌን በመዳፏ ዘጋችው።

የመስታወት ምድጃ እንደ ቤት ምድጃ ሲፈልጉ አጥፍተው ሲፈልጉ የሚለኩሱት አይደለም። እሳቱ ከተቋረጠ ውስጡ የቀለጠው መስታወት እንደ ድንጋይ ይረጋል፤ ሲረጋም ምድጃውን ይዞት ይሰነጠቃል። ከዚያ ወዲያ ፋብሪካ የለም። ይህን ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ፣ ከጡረተኞች ጋር ተቀምጬ በመስማት ነው። ሰው ሲናገር አላቋርጥም፤ ያላቋረጡት ሰው ደግሞ የማይናገረው የለም። የማኅበሩ ኮሚቴ የምድጃ ሠራተኞችም ጭምር ይውጡ፣ ሥራ አስኪያጁ መስታወቱ ሲረጋ እያየ ይንበርከክ ብሎ ወስኖ ኖሯል። በስብሰባው ላይ ከሁሉ በላይ የጮኸው አባቴ ነበር አሉኝ። ይጥፋ ብሎ። አዳራሽ ውስጥ ይጥፋ ያለው ሰው፣ ቧንቧ ሥር ሆኖ ታናሽ ወንድሙን እሳቱ እንዳይሞት አለው።

አድማው በድል አለቀ። ምድጃው ሞቆ ስለጠበቃቸው በማግስቱ ወደ ሥራ ገቡ። እሳቱ ጠፍቶ ቢሆን ኖሮ የሚመለሱበት ሥራ እንደሌለ የማያውቅ አንድም የፋብሪካ ሰው አልነበረም፤ የተናገረም አንድም አልነበረም። ማኅበሩ ከጠየቃቸው ነገሮች አንዱ አድማ ሰባሪው ከሥራ እንዲባረር ነበር። አስተዳደሩ ያለ ክርክር የተቀበለው ይኼንኑ ነው። አባቴ ፈረመ። ወንድሙን እንኳ ያላዳላ ሊቀመንበር ተብሎ ስሙ እስከ ሌሎች ፋብሪካዎች ደረሰ።

አጎቴ ከዚያ በኋላ በየሰፈሩ እየዞረ የመስኮት መስታወት የሚገጥም ሆነ። ከእንጨት የተሠራ መያዣ በጀርባው አዝሎ፣ መስታወቶቹን በላዩ አቁሞ፣ «መስታወት፣ የተሰበረ መስታወት» እያለ ይጣራል። ሰፈራችን ሲደርስ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል።

እኛ ቤት አይገባም። አባቴ ለአያቴ የነገራት እኔ ባለሁበት ነው፤ ሳይቆጣ፣ ረጋ ብሎ። ከማኅበሩ ሰዎች ፊት ይቁም፣ ሰበርኩ ይበል፣ ይቅርታ ይጠይቅ፤ በሩ የዚያን ዕለት ይከፈትለታል። አጎቴ በእናቴ በኩል የላከው መልስ አጭር ነበር፤ ማን ማንን ይቅርታ እንደሚጠይቅ ጋሼ ያውቃል። አባቴ ይህን ሲሰማ አየሽ ትዕቢቱን አላት እናቱን። ትምህርት ቤት የአጎቴ ልጅና እኔ አንድ ወንበር ላይ ነበርን። እናቴ አስተማሪዋን አናገረቻት፤ በማግስቱ እሷ ኋላ፣ እኔ ፊት ሆንን። ልጆቹ የእሷን ደብተር በአመድ ይቀቡባት ነበር።

ለእኔ ነገሩ ግልጽ ነበር። መምታትና መስበር አንድ አይደሉም። የተመታ ሰው አልቅሶ አልቅሶ ይድናል፤ የተሰበረ ግን እንደ አያቴ ዳሌ ነው። አባቴ መታ፤ አጎቴ ሰበረ። ስለዚህ ጥፋተኛው አጎቴ ነው። ያልገባኝ አድማ የት እንደወደቀ ነው። አንድ ቀን አያቴን ጠጉሯን እያበጠርኩላት ጠየቅኳት።

«እማማ፣ አድማ ዳነ ወይ?»

«ማን?»

«አድማ። አባዬ የመታው፣ አጎቴ የሰበረው።»

ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሣቋ ነበር፤ ድምፅ የሌለው ሣቅ፣ ሆዷን የሚያንገጫግጭ። ማበጠሪያውን ከእጄ ወሰደችና ዐይኖቿን በቀሚሷ ጫፍ ጠረገች።

«አልዳነም ልጄ» አለች። «ለእንዲህ ያለው ስብራት ወጌሻ የለውም።»

«የት ነው የተኛው?»

«እዚሁ ቤት ነው፣ የኔ እናት። የት ይሄዳል?»

የአልጋዎቹን ሥር ሁሉ ፈለግሁ። ከአባቴ አልጋ ሥር ጫማ እንጂ ሌላ አላገኘሁም።

ከሰዓት በኋላ፣ አባቴ ከሥራ ሳይመጣ፣ አያቴ ወደ መንገዱ ባለው መስኮት ደግፈን እንድናስቀምጣት ትጠይቅ ነበር። ፀሐይ ልሙቅ ትላለች። በዚያ ሰዓት ፀሐይ ከቤታችን ኋላ ናት፤ መስኮቱ ጥላ ነው። ይህን እኔም አውቅ ነበር፤ አርጅታ ነው ብዬ ዝም አልኩ። እናቴ ግን ትራስ ከጀርባዋ ታደርግላትና ወደ ማዕድ ቤት ትገባለች።

ከዚያ ብርሃኑ ይመጣል። መጀመሪያ ኮርኒሱ ላይ፤ እንደ ትንሽ ወፍ እየተንቀጠቀጠ። ወደ ግድግዳው ይወርዳል፣ ብርድ ልብሷን ይሻገራል፣ ደረቷ ላይ ይወጣል፣ ፊቷ ላይ ሲደርስ ይቆማል። አያቴ ዐይኖቿን ትጨፍናለች።

«መጣ» ትላለች።

መዳፏን ትዘረጋለች። ብርሃኑ ከፊቷ ወርዶ መዳፏ ላይ ይቀመጣል። ጣቶቿን ታጥፋለች፤ ብርሃኑ ጣቶቿ ላይ ይሆናል። ዐይኗ ደክሞ ስለነበር ከመንገዱ ማዶ ያለ ሰው አይታያትም። እኔ ግን አየሁ። ከወዲያኛው የእግረኛ መንገድ፣ ፀሐዩ ላይ፣ አጎቴ ጀርባውን ሰጥቶን ቆሟል፤ ያዘለውን መስታወት በትከሻው ያዘነብላል፣ ያቀናል፣ ያዘነብላል። እንደ ስለት ያለ ነገር ወደ ቤታችን የሚወረውር መሰለኝ። የአድማ ሰባሪው ሊሰብረን መጣ ብዬ አልጋው ሥር ገባሁ። ከዚያ ሆኜ የአያቴን እግር አያለሁ። ጣቶቿ ይጫወቱ ነበር።

እንዴት እንደሚያነጣጥር አሁንም ይገርመኛል። ጀርባውን ሰጥቶ፣ ሳያያት።

አንድ ቀን አባቴ ከሜትሮ ጋር ቀደም ብሎ መጣ። የአያቴ በር ክፍት ነው፤ ብርሃኑ ትራሷ ላይ ነው። ሜትሮ ደፉ ላይ ቆሞ ግራና ቀኝ አየና፣

«ሊቀመንበር፣ ያለ ቆጣሪ መብራት ታስገባለህ እንዴ?» አለ።

አባቴ ወደ መስኮቱ ሄደ። ብርሃኑ ሸሚዙ ላይ ወጣ፤ ትንሽ ቆየ፤ ጠፋ። አባቴ ሳይዞር ለሜትሮ ይህን መስኮት ለካልኝ አለው። ብርሃን የሚያስገባ፣ ሰው ግን የማያሳይ መስታወት እንዲሆን። እኛ ፋብሪካ የሚሠራው የሚያሳየውን ብቻ ነው፤ የማያሳየውን ከፋብሪካው ውጭ ግዛ አለው። ሜትሮ መለኪያውን ከቀበቶው ፈትቶ፣ በውስጥ በኩል ለክቶ፣ በውጭ ሊለካ ወጣ።

«ልጄ» አለች አያቴ። «ይቺን እንኳ ተውልኝ።»

«በር እያለ መስኮት ምን ያደርግለታል እማዬ? ይምጣና ሰበርኩ ይበል። በሩን ማን ዘጋበት?»

«በሩ ያን ዕለትም ክፍት ነበር» አለችው። በጣቷ ወደ ጓሮው አመለከተች። «አንገትህን ስትታጠብ።»

ስለ በር የሚያወሩ መስሎኝ ወደ በሩ ሄድኩና ዘጋሁት። አባቴ አላየኝም። ጆሮዎቹ ቀልተው ነበር። አልጋዋ ጫፍ፣ አጎቴ ይቀመጥበት በነበረው ቦታ ተቀመጠ፤ ድምፁን በጣም ዝቅ አደረገ። የያዝኩት ይህን ያህል ነው፤

«እንግዲያው ንገሪያቸው። ሜትሮ ውጭ ነው፣ ጥሪውና ንገሪው። በእሱ ላይ ያፈሰሱት አመድ ነው፤ በእኔ ላይ የሚያፈሱት ግን እሳቱን ነው። ከዚያ ይቺን ልጅ ማን እንደሚያሳድጋት፣ አንቺንም ማን እንደሚያነሣሽ ታያለሽ።»

አያቴ እኔን አየችኝ። ረጅም ጊዜ አየችኝ። ሜትሮ በመስታወቱ ማዶ ጥርሱን እያሳየ መለኪያውን ዘርግቷል።

«የእናት ሆድ ዥንጉርጉር» አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ይህን ተረት የዚያን ቀን ነው የሰማሁት። በኋላ ሰው ሁሉ ሲጠቀምበት እሰማለሁ፤ ቀልድ መስሎ ነው የሚነገረው።

አዲሱን መስታወት ሜትሮ ራሱ ገጠመው። ቤታችን በአንድ ማዕዘኑ ወደ መሬት ሰምጦ ስለነበር የአያቴ መስኮት ጠማማ ነው፤ መስታወቱ ግን ያለ ግፊት ልክክ ብሎ ገባ። አባቴ በጠርዙ ላይ ጣቱን አስኬደ፤ አንዴ ወደ ላይ፣ አንዴ ወደ ታች። ጥሩ ተቆርጧል ይላል ብዬ ጠበቅሁ። ጣቱን ሱሪው ላይ ጠርጎ ከክፍሉ ወጣ። ሜትሮም የመስታወቱን ጠርዝ ከውስጥም ከውጭም በስቱኮ ሲደፍን፣ እንደ ልማዱ አልቀለደም።

ከሰዓት በኋላ አያቴን ደግፈን አስቀመጥናት። መስኮቱ እንደ ወተት ነጥቷል። መዳፏን ዘረጋች።

«መጣ?» አለችኝ።

«አይመጣም እማማ» አልኳት፣ ደስ ብሎኝ። «አሁን ማንም አያየንም።»

እጇን ለመመለስ ቆየች። ከመንገዱ ማዶ «የተሰበረ መስታወት» የሚል ድምፅ ሰማን፤ ዝቅ ያለ። በሌላም ቀን ሰማን። ከዚያ አልሰማንም። አያቴ ክረምቱ ሲገባ ሞተች። ሲቀብሯት አጎቴ መጣ፤ አፈር ሊያለብስ ቀረብ ሲል የማኅበሩ ሰዎች ትከሻ ለትከሻ ገጠሙ። አልገፉትም፣ አልተናገሩትም። አባቴ ከእነሱ ኋላ ነበር። አላየም።

አድማ ሰው አለመሆኑን ያወቅሁት አስተማሪያችን ጥቁር ሰሌዳ ላይ «የሥራ ማቆም አድማ» ብሎ ሲጽፍ ነው። ክፍሉ ውስጥ ጮክ ብዬ ሣቅሁ። ኋላ ወንበር ላይ የነበረችው የአጎቴ ልጅ ቀና ብላ አየችኝ፤ በእሷ የሣቅሁ መሰላት። ስታገባ አልጠራችኝም፣ ሳገባም አልጠራኋትም።

አባቴ በክብር አረጀ፣ በክብር ተቀበረ። አልጋ ላይ ሳለ ሁለት ሦስት ጊዜ ሊነግረኝ የፈለገ መሰለኝ፤ እኔም ጠበቅሁት። ውኃ ስጪኝ አለ። አሁን ስጸልይ የሁለቱን ስም በየተራ አስቀድማለሁ፤ ዛሬ የአባቴን፣ ነገ የአጎቴን። ፈራጁ እኔ ስላልሆንኩ እንዲህ ይሻላል።

አጎቴ ሲሞት ሄድኩ። ቤታቸው ስገባ የመጀመሪያዬ ነበር። የአጎቴ ሚስት አላባረረችኝም፤ ከጎኗ አስቀመጠችኝና ለቀስተኛው እስኪሳሳ እጄን አልለቀቀችም። ከዚያ ሳልጠይቃት ነገረችኝ።

አጎቴ ይቅርታ አልጠይቅም እንዳለ አልቀረም። እናቱ እየደከመች መሄዷን ሲሰማ ልቡ ተሰበረ፤ እሄዳለሁ፣ ሰበርኩ እላለሁ፣ እሷን ካየሁ ምን ቸገረኝ አለ። ይህንኑ በእናቴ በኩል ለእናቱ ላከ። የአያቴ መልስ በማግስቱ መጣ፤ የአጎቴ ሚስት በቃሏ ይዛዋለች።

«ያላደረግኸውን አደረግሁ ብለህ እንዳትገባብኝ። አንዱ ልጄ ውሸታም ሆኗል፤ ሁለታችሁም ውሸታም ሆናችሁ ከምሞት ሳላይህ ልሙት።»

እሱም ቀረ። ሜትሮ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የማያሳይ መስታወት ሌላም ቦታ ይገኛል፤ እሱ ግን ሌሎቹን ሁሉ አልፎ አጎቴ ዘንድ ሄደ። ሳይጋበዝ ተቀመጠ፣ እግሩን አነባበረ፣ ልኩን ነገረው። አጎቴ ሁለተኛውን ቁጥር ሲሰማ ቀና አለ። የአያቴን አልጋ እዚያ ክፍል ያስገቡ ጊዜ ያንን መስኮት የገጠመው አጎቴ ራሱ ነበር፤ አንዱ ጎን ከሌላው በጣት የሚረዝም መስኮት ሰፈሩ ውስጥ ሌላ የለም።

«ካልፈለግህ ሌላ ጋ እወስደዋለሁ» አለ ሜትሮ። «ወይ ደግሞ ነገ ናና ሰበርኩ በል። መስታወቱም ይቀራል፣ እኔም ከድካሙ እገላገላለሁ።»

ሚስቱ ተወው አለችው። የገዛ እጅህን በገዛ ዐይንህ አትክተት፣ ሌላ ሰው ይቁረጠው ብላ ለመነችው። አጎቴ አልማዙን በጣቶቹ መካከል አገላበጠ። ከዚያ ለእሷ እንጂ ለሜትሮ አይደለም የተናገረው። ሌላ ሰው ቀጥ አድርጎ ይቆርጠዋል፤ በሰመጠው ማዕዘን በኩል ክፍተት ይቀራል፤ ራስጌዋ እዚያ ጋ ነው፤ ነፋሱ ይገባባታል።

«ስቱኮውን ከውስጥም ከውጭም ትደፍናለህ?» አለው ሜትሮን።

ሜትሮ መቀለድ ፈልጎ ነበር አለችኝ። አፉ አልታዘዘለትም። እደፍናለሁ አለ።

«እሺ» አለው አጎቴ፤ ጠረጴዛውን በእጁ ጠረገና መስታወቱን አነሣ። «ቁጭ በል፤ አሁኑኑ ቆርጬልህ ትሄዳለህ።»